ጠፍቷል ያለው ሰው

ንዋኒዬኬ ኦዌሪ ከተማ ውስጥ የተበላሸ ኢንቨርተር፣ የባትሪ ኃይልን ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ማሽን፣ ትጠግናለች። ሱቋ ከአጥሬ ጋር ይዋሰናል፤ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሬን ከተውኩ ወዲህ ውሎዬ በረንዳዋ ላይ ነው። የከፈተችውን ማሽን መጀመሪያ የምትነካው ሁለት ሽቦ ባንጠለጠለ አምፖል ነው። ማሽኑ ጠፍቶም ካፓሲተሮቹ ያቆሩት ኃይል አምፖሉን ቦግ ያደርገዋል፤ ከዚያ እየደከመ ይከስማል። በቴስተር ለክታ ዜሮ ሳታይ ጣቷን አታስገባም።

ባሏ ኦግቦና ግን በእጁ ነክቶ ነው የሞተው። ምሳ ልታደርስለት ሄዳ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ አሠሪው ማዚ ኢሄናቾ «አምፖል የፈሪ ነው! ጠፍቷል አልኩህ፣ እጅህን ስደድ!» ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች። በቀብሩ ላይ ግን ማዚ «ከሚስቱ ተጣልቶ መጣ፤ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ራሱ መልሶ አበራው» አለ። እኛ ዘንድ ባል በድንገት ሲሞት ዓይን ሁሉ ሚስት ላይ ነው። የባሏ ወንድም አሃሜፉሌና ዘመዶቹ ራሷን ላጯት፤ «ንጹሕ ከሆንሽ ጠጪ» ብለው ሬሳው የታጠበበትን ውኃ አጠጧት። ጠጣች። እንደዚያም ሆኖ አባረሯት።

ቂሟን ቋጥራ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች።

ባለፈው ጥር የእነ አሃሜፉሌ የዘመድ መሰብሰቢያ አዳራሽ ኢንቨርተር ተበላሸና ወደ እሷ ላኩት፤ ከእሷ ሌላ የሚችለው አልተገኘም። በማግስቱ አሃሜፉሌ ማሽኑን የሸጠላቸውን ማዚን አስከትሎ መጣ።

«የባልሽን ካቻቢቴ ወረስሽ እንዴ?» ብሎ ማዚ ሳቀ።

«የተዉልኝ እሱን ብቻ ነዋ።»

ክዳኑን አነሳች። ካፓሲተሮቹ ያቆሩትን ኃይል ቀስ እያለ የሚያፈስሰው ሬዚስተር ከስሎ ነበር፤ ለሁለቱም አሳየቻቸው። የባትሪውን ገመድ ነቀለች።

«ይኸው ጠፍቷል። ማዚ፣ እዚያ ውስጥ የላላች ብሎን አለች፤ እጅዎን ይስደዱና ያጥብቁልኝ።»

ማዚ እጁን ኪሱ ከተተ። «አምፖልሽ የታለ?»

«አምፖል የፈሪ ነው።»

«አብደሻል? ጠፍቶም እኮ ይገድላል! ይህን የማያውቅ ጠጋኝ...»

አሃሜፉሌ ወደ ማዚ ዞረ። «ታውቅ ነበር? 'ራሱ አበራው' አላልከንም?»

ንዋኒዬኬ እጇን ማሽኑ ውስጥ ሰድዳ ብሎኗን አጠበቀች። እኔ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«ካሳ አልፈልግም» አለች። «በዘመድ ጉባኤው ላይ፣ ጉባኤው የሚከፈትበት የኮላ ፍሬ ሳይቆረስ፣ እኔን ባጠጣችሁበት ግቢ ቆሞ ይናገር።»

ሲሄዱ «እጁን ቢያስገባስ ኖሮ?» አልኳት።

«ኃይሉን ጠዋት በአምፖሉ አፍስሼዋለሁ፣ አባባ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቴ አምፖሉን አንስቼ ሁለቴ አስቀምጬው ነበር።»

«ራራሽለት?»

«ምን ሲደረግ! የሞተ ሰው አያፍርም።»

ስለ ፍትሕ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ፤ ይህን ግን አላስተማርኩም።

በጉባኤው ዕለት ማዚ፣ አሃሜፉሌ መሐል አቁሞት፣ አንገቱን ደፍቶ ተናዘዘ። እሷ ከፊት ተቀምጣ ነበር።

«አልተሰማም፣ ማዚ» አለችው። «ከኋላ ያሉትም አልሰሙም። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»