ከሾላው ሥር ያልተሰማው ትንፋሽ

ከአጋሮ በላይ ወደ አባታችን ቤት ዳገቱን ስንወጣ ከእህቴ ከመድና በፊት ትንፋሽዋ ይደርስ ነበር። አባታችን ሐጂ ሀቢቡላህ ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ገና ዳገቱ መሐል ካለው ሾላ ሥር ስታለከልክ ሰምተው «መድና መጣች፣ ውኃ ስጧት» ይሉ ነበር። እኛ እንስቃለን፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ስኳሯን በቀን ሁለቴ በመርፌ፣ ደም ግፊቷን በሦስት ዓይነት ኪኒን ይዛ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለው ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ «ሩፈይዳ፣ ዳገቱን ሳላርፍ ስወጣው በሕልሜ አያለሁ» ትለኝ ነበር።

አምና አዲስ አበባ ሄዳ ውፍረቷ እንዲቀንስ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አሳነሰች። ይደነግጣሉ ብለን ለአባታችን አልነገርንም። ከወራት በኋላ ሐኪሟ እየለካ መርፌውን አስቆማት፤ ከኪኒኖቹም አንዱ ብቻ ቀረ። ልብሽ ሸክሙ ቀሎለታል አላት። ምግቧ ግን የሕፃን ሆነ፤ ቫይታሚንም ዕድሜ ልኳን ትውጣለች።

አቤት የሰፈር ሰው! እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ምርቃት ነው፣ መክሳት ደግሞ በሽታ። ጎረቤቶቿ ቅቤ የጠጣ ገንፎና ጭኮ ይዘው ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ስትተወው ከንፈር ይመጥጣሉ። አንዷን ስትሞት ልታዪ ነው ወይ የመጣሽው ብዬ አባርሬያታለሁ፤ ዛሬም አልጸጸትም። ወሬው ግን ቀድሞን ዳገቱን ወጣ። መድና ልትሞት ነው፣ ልጆችዎ ደብቀውዎታል ብለው ለአባታችን ነገሯቸው። አባታችን እህል አልቀምስም አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ጭጋጉ ቡናውን ውጦት መሬቱ ከእግራችን ሥር ያለ አይመስልም። መድና ከፊቴ ነበረች፤ አንዴም አልቆመችም። ሰፊ ቀሚሷ ጭጋጉ ውስጥ ሲንሳፈፍ ያ ሕልሟ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ከኋላ ቁና ቁና የምተነፍሰው እኔ ነበርኩ።

አባታችን ደጃፍ ተቀምጠው ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ በጣታቸው ይዘው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቃሉ። ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ ገና ነው ብለው ወደ ፀሐይ ይመልሱታል፤ በዚህ ተሳስተው አያውቁም።

«ኤኙ? ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባ፣ መድና።»

«መድናማ ስትመጣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።»

እጃቸውን ዘርግተው የእጇን አንጓ ያዙ። ቅጥነቱን ሲዳስሱ እንባቸው ወረደ። መድና ጣታቸውን የደም ሥሯ ላይ አደረገች። ጀንፈሉን እንደሚያደምጡት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ዳገቱን አሁን የወጣው ልቧ ረጋ ብሎ ይመታል።

«ገለባው ነው የሄደው» አሉ በመጨረሻ፤ «ፍሬው አለ።»

ከዚያ ጆሯቸውን ወደ እኔ መለሱና ለሩፈይዳ ውኃ ስጧት አሉ።