የሊቀመንበሩን ፊያት ደጁ ላይ ስፈታት

ወንድሜን የወሰዱት በትንሽዬ ሰማያዊ ፊያት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ እየነዳ መጥቶ፣ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠመኔው ከእጁ ሳይወርድ ጭኖት ሄደ። ከስምንት ወር በኋላ በሁለት ሰው ተደግፎ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ተመለሰ። እስር ቤት ውስጥ እግሩን ገርፈውት ቁርጭምጭሚቱ አልታዘዝ ብሎት ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ሊቀመንበሩ በገዛ ጓዶቹ ተገምግሞ ከሥልጣን ወረደ። የቀበሌው ንብረት የሆነችው መኪናዋም ተበላሽታ ደጁ ላይ በድንጋይ ተደግፋ ቆመች። እኔ ደሴ ጋራዥ ገብቼ ሙያ ተምሬ ተመልሼ ነበር። ለወንድሜ በእጅ ብቻ የምትነዳ መኪና ልሠራለት ብዬ ሻንሲዋን ከውሃ ቧንቧ በይጄ ጨርሻለሁ። የጎደለኝ ሞተር፣ ካምቢዮና መሪ ነው። አዲሱ ሊቀመንበር ማመልከቻዬን አንብቦ፣ «ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ አንሳልን» ብሎ ማህተም መታልኝ።

አስጎትቼ ቤቴ መውሰድ እችል ነበር። አልፈለግኩም። እዚያው፣ ዓይኑ እያየ ልፈታት ቆረጥኩ። ወንድሜን በጋሪ አምጥቼ ከሰውየው በር ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?»

«በቀኝ በኩል ካለው በር» አለ። «በሱ ነው ያስገቡኝ።»

የዛገ ቡሎን ዘይት ጠብ አድርገውበት ቢታገሱት በመፍቻ ይላቀቃል። እኔ ግን እንዲጮህ ብዬ በመዶሻ መታሁት። ሰውየው ጋቢውን እንደለበሰ ወጣ። ገበያ የሚሄደው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«እባክህ፣ ሰው ተሰበሰበ እኮ። ቤትህ ወስደህ ፍታት።»

«ጎማዋ አይዞርም፣ ጓድ።»

ጓድ የምትለዋን ቃል ጎተት አድርጌ ነው ያልኳት። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩን ለአራት ሆነን አወረድነው። ያን ቀን ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ወንድሜ አጠገብ ቆመ።

«ታዝዤ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወላሂ ታዝዤ ነው።»

«ማን እንዳዘዘህ አልጠየቅኩህም» አለው ወንድሜ። «የዚያን ቀን ጫማህን አውልቅ ብለህ ተቀብለኸኛል። አዲስ ነበር። ማን ተጫማው?»

እኔ መፍቻውን ጨብጬ ሰውየው ተንበርክኮ እንዲለምን እጠብቅ ነበር። ዞሮ ገባና በሩን ዘጋ።

የወንድሜን መኪና ለመጨረስ አምስት ወር ፈጀብኝ። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን በብረት ዘንግ አስረዝሜ እጅ ሥር አመጣኋቸው። ክላክሱም የዚያችው ፊያት ነው። ወንድሜ መንዳት እንደለመደ በየጠዋቱ ሰውየው ደጅ እየወሰድኩት «ንፋው» እለዋለሁ፤ ይነፋዋል። የቤቱ መስኮት ይዘጋል። በሳምንቱ «ይበቃል» አለኝ፤ እኔ ግን እጄን አሻግሬ ራሴ መንፋት ያዝኩ።

አንድ ጠዋት ስንደርስ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ሴትዮ፣ «ትናንት ዕቃቸውን ጭነው ኮምቦልቻ ገቡ» አሉን። የሰረቁኝ ያህል ተንገበገብኩ።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ እንውረድ።»

«በየትኛው የነዳጅ ኩፖን?» ብሎ ሳቀና መኪናዋን አዞራት።

እሱ ከዚያ ወዲያ የሰውየውን ስም አንስቶ አያውቅም። እኔ ግን ለሥራ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ቤቱን አጠያይቅ ነበር። የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።