የሐምሌ አምባዛ

ወንድሜ ምግብ ካቆመ በአምስተኛው ቀን ነጭ ዓሣ አማረው።

«የአባያ ነጭ ዓሣ ብትቀቅሉልኝ፣ መረቁን ሁለት ማንኪያ የምውጥ ይመስለኛል» አለ። እስከዚያ ድረስ ውሃ እንኳ የሚወርድለት በግድ ነበር። ባለቤቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ታላቄ ነው። የዕድሜውን እኩሌታ አይሱዙ ሲነዳ ነው ያሳለፈው፤ ከገደብና ከወርቃ ቡና፣ ከአባያ ሐይቅ ደግሞ ዓሣ ወደ ዲላ ይጭን ነበር። ሐኪሙ ጉሮሮው ላይ ያገኘውን ነገር የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ለታማሚው አይነገርም፤ ቤተሰብ ይይዘዋል። ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። «ቁስለት ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» አልኩት። ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ስሠራ ያላረጋገጥኩትን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም፤ ይህን እሱም ያውቃል። «እሱ ካለ ነው፤ ያልሆነ ነገር አይናገርም» አላት ለባለቤቱ። ያን ቀን እራቱን በላ።

ነጭ ዓሣ ዲላ ውስጥ አልተገኘም። የጠየቅኳቸው ምግብ ቤቶች ሁሉ «በሐምሌ ማን ሐይቅ ይገባል?» አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ሞተር ብስክሌት ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ቆላው ሲቃረብ ቡናና እንሰቱ አልቆ ግራሩ ይጀምራል። ካፊያው ግን እስከ ውሃው ዳር አብሮኝ ወረደ።

ባለጀልባውን ድሮ ስለ ሐይቁ ዘገባ ስሠራ ነው የተዋወቅኩት። ሃምሳን ያለፈ የጉጂ ሰው ነው፤ ኦቦ እለዋለሁ። ዋዜማውን ከአማቹ ጋር ረጅም ገመድ ላይ መንጠቆ አስረው ሐይቁ ውስጥ ዘርግተው ነበር። ጀልባውን ለቀኑ ተከራየሁትና ገመዱን ልናነሣ ሦስታችን ገባን።

«ነጭ ዓሣ አልምልልህም፣ ጋሼ» አለ ኦቦ። «አሁን ወንዞቹ ጭቃ ይዘው ገብተዋል። እሷ ጭቃ አትወድም፤ ጥልቁ ጋ ሄዳለች። ጥልቁ ጋ ደግሞ ነፋስ አለ።»

የአባያ ውሃ ሁልጊዜም ቀላ ያለ ነው። በዚያ ቀን ግን ጡብ ሊሠራበት የተቦካ ጭቃ ይመስል ነበር። እጄን ብነክር ጣቶቼ አይታዩኝም። አማቹ ገመዱን መሳብ ጀመረ። የመጀመሪያው መንጠቆ ባዶ ነው። ሁለተኛው ባዶ። ሦስተኛው ላይ የዛፍ ሥር ተጠምጥሟል።

«ጋዜጠኛ መምጣቱን ሰምተው ነው» አለ አማቹ። «ማን ጥያቄ ይወዳል?»

«ትናንትናስ ማንን ሸሽተው ነው? ያንተን መልክ?» አለው ኦቦ።

ሳቅኩ። ልማድ ሆኖብኝ መንጠቆዎቹን እቆጥር ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ገመዱ ከበደ፤ ጀልባዋም አዘነበለች። ኦቦ ሞተሩን አጠፋ። ከጭቃው ውስጥ መጀመሪያ የወጣው ረጅም ፂም ነበር፤ ቀጥሎ ጠፍጣፋ ራስ፣ ቀጥሎ የሚያዳልጥ ጥቁር ቆዳ።

«አምባዛ!» አለ አማቹ። «ፂማሙ ጌታዬ፣ አንተን ማን ጠራህ?»

በሃይማኖታችን ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። ወንድሜ መብላቱ ቀርቶ መኪናው ላይ እንኳ አያስጭነውም ነበር። ዓሣ አጥማጆቹም ዳር ላይ ለሚጠብቁት ውሾችና አባ ኮዳ ለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይጥሉታል። ከዚያ በኋላ ሁለት አምባዛ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። ገመዱ አለቀ።

«ጥልቁ ጋ እንሂድ» አልኩ።

ኦቦ ማዕበሉን አየ። ከመሃል ነጭ አረፋ ይዞ ይመጣ ነበር። «ወንድምህ እንደታመመ ሰምቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኛም ቤት የሚጠብቀን ሰው አለ።»

ጀልባዋን ወደ ዳር መለሰ። ዳር ስንደርስ አንዱን አምባዛ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

«ለውሻ?»

«ለመረቅ።»

ቢላዋውን አወጣ። ከዚያ የዓሣውን ራስ ቆረጠ፣ ቆዳውን ገፈፈ፣ ሥጋውን ምን እንደነበረ እስከማይታወቅ አድቅቆ ከተፈልኝ። ለምን እንደፈለግኩት ገብቶታል። ዓይኔን ሳያይ ፌስታሉን አቀበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ደረስኩ። ባለቤቱ ፌስታሉን ፈትታ አሸተተችና ቀና አለች።

«ይሄ እኮ...»

«ነጭ ዓሣ ነው» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ቀጥላ የራሷን ድስት ትታ ከጓሮ አሮጌ ድስት አምጥታ አጠበች። በነጭ ሽንኩርት ቀቀለችው።

ወንድሜን ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዋጠ። ሁለተኛውን ዋጠ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን በአፏ ይዛለች። ሦስተኛውን አፉ ውስጥ አቆየውና ዓይኑን ከደነ።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ። «ይሄ አምባዛ ነው።»

«ነጭ ዓሣ ነው፤ ሐምሌ ስለሆነ ነው እንዲህ ያለው» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም ነበር።

«ይቺን ድምፅህን አውቃታለሁ» አለኝ። «ከሐኪሙ ክፍል ወጥተህ ያናገርከኝ በእሷ ነው።»

ባለቤቱ ከበሩ ሸሸች። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ይሰማ ነበር። ሌላ ውሸት ፈለግኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

«እሺ፣ እንደ ዜናህ ንገረኝ» አለ።

ነገርኩት። አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱ ጣራውን እያየ ሰማኝ፤ ሲያልቅ ሳህኑን በእጁ ጀርባ ወደ እኔ ገፋው።

«ስንት ጊዜ አለኝ?»

«አላውቅም» አልኩት። «ጠይቄው ነበር፤ ሐኪሙም አላውቅም ነው ያለኝ።»

እውነት ነበር። አላመነኝም።