የካፖርቱ ምት

ሰፈሩ «አቶ ለምን» ይለዋል፤ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነገር የለማ! ሥራው ልብስ ሰፊ ነው። የእህቱ ልጅ ጊታሩን አንግቶ፣ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ለልምምድ ሲለምነው እንኳ ቁልፉን የሰጠው «ለምን አራት ሆናችሁ? አምስት ብትሆኑስ?» እያለ ካደረቃቸው በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ዘፈናቸውን በስልክ በቀዱ ዕለት ልጁ መጣና «አጎቴ፣ በሞቴ፣ ዘፈናችንን እስክንቀዳ ለአሥር ደቂቃ የስፌት መኪናህን አቁምልን» አለው። እሺ አለ። ግን ለሰፈሩ ዘበኛ የሚሰፋው ካፖርት ለዚያው ቀን የተቀጠረ ነበር። እግሩን በላው። ግድግዳው ወፍራም ነው ብሎ ራሱን አታለለና ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረገጠ።

ዘፈኑ በተለቀቀ በሳምንቱ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ያንን ያንጎራጉር ጀመር። ሰው የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ከሥር የሚሰማው ምት ምንድን ነው?» ልጆቹም አያውቁት። አቶ ለምን ሲሰማው ክው አለ። የእሱ መኪና!

ምስጢሩን ደብቆ ተቀመጠ። ልጆቹ ትልቅ መድረክ ላይ ሲጋበዙና የቡድናቸው ከበሮ መቺ ያንን ምት ማውጣት ሲያቅታት ግን የልጁን ፊት አይቶ አላስቻለውም። «እኔ ነኝ፤ ቃሌን በላሁ» አለ አቀርቅሮ።

ልጁ ከመቆጣት ይልቅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «በል እንደዚያ ቀን ንዳው!»

ነዳው። ባዶውን ሲነዳው መኪናው ይጋልባል። ሸሚዝ ላይ ይንጣጣል። ሱሪም አልሆነም። ዝግጅቱ ነገ ነው፤ ልጆቹ ፊታቸው ጠቆረ። «ለምን? ለምን?» ሲል ቆየና ብድግ አለ። «ካፖርቱ! ውፍረቱ መርፌውን ይይዘዋል እኮ!»

ዘበኛው ዘንድ ሮጠ።

«ልኬ ነው፤ ደግሞ ምን ልታደርገው?» አለ ዘበኛው።

«ጫፉን አንዴ ብቻ ላጥፈው፤ አንተም ከፊት ትቀመጣለህ።»

በማግስቱ መድረክ ላይ፣ መኪናው ላይ አጎንብሶ ካፖርቱን ሰፋ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። አዳራሹ ከወንበሩ ተነሣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጁ ማይኩን ያዘ፤ «አጎቴ አምስት ብትሆኑስ ብሎን ነበር። አምስተኛችን ይኸውላችሁ!»

አቶ ለምን በደስታ አለቀሰ፤ የሚጠይቀውም ጠፋው። የጠየቀው ዘበኛው ነበር፣ ከፊት ረድፍ ቆሞ፤ «ድገሙት ካሏችሁ ካፖርቴ የት ሊደርስ ነው?»

«ድገሙት!» አለ ሕዝቡ።