ልጄ መዋጥ የተማረበት ጊዜ

ልጄ የተወለደው ጊዜው ሳይደርስ ነው። ጡት ሲሰጠው ጥቂት ይስብና ይደክመዋል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፤ ከዚያ ትን ይለውና ፊቱ ይጠቁራል። መጀመሪያ ላይ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነበር የምንመግበው። ቱቦው ከወጣ በኋላም የሳንባ ምች እየተመላለሰ ሆስፒታል ሲያስተኛው ሐኪሙ ምክንያቱን ነገረን። ልጁ ሲውጥ ምግቡ አንዳንዴ ወደ ሆዱ መሄዱን ትቶ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል።

"መዋጥ የሚለመድ ነገር ነው" አለን። "እሱ ገና አልለመደም።"

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር። ባለቤቴ ስታዲየም አካባቢ ባለ ቢሮ ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። እኔ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ቤት ሆኜም እሠራዋለሁ። ስለዚህ እሷ ወደ ቢሮ ተመለሰች፣ እኔ ከልጁ ጋር ቀረሁ። ስንወስነው ቀላል ነገር መስሎን ነበር።

ቀላል አልነበረም። አንድ ሳህን አጥሚት ለማብላት ረፋዱ በሙሉ ይሄዳል። ማንኪያውን ባቀረብኩ ቁጥር ጭንቅላቱን ያዞራል። የዋጠ እንደሆነ ደግሞ እስኪተነፍስ ድረስ የእኔም ትንፋሽ ቁርጥ ይላል። ግቢያችን ውስጥ የነበሩ አንዲት አዛውንት ቀትር ላይ በሩን ገፋ አድርገው፣ "ልጄ፣ ትንሽ ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል፤ እኔ እይዘዋለሁ" ይሉኝ ነበር። ልጁን ለማንም አምኜ ስለማልሰጥ አልወጣም፤ መምጣታቸው ግን ራሱ ይበቃኝ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እሳቸው ከተማው ዳር ሄዱ፣ እኛ ቂርቆስ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየን። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ የሰው በር የሚያንኳኳ የለም።

ከዘመድም የራቅነው በዚያው ሰሞን ነው። የባለቤቴ አክስት ለልጃቸው ምርቃት ወሎ ሰፈር ጠርተውን ሄድን። ልጁ ጭኔ ላይ ነበር። ዞር ብዬ ሰው ሰላም ስል አክስትየዋ በፍቅር አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከተቱለት። ትን አለው። ድምፁ ጠፋ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። በክንዴ ላይ ደፍቼ ጀርባውን መታሁት። እንጀራው ወጥቶ ልጁ ሲጮህ ደረቴ ላይ አቅፌው መሬት ተቀመጥኩ።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ አክስትየዋ። "ትንሽ እኮ ነበረች።"

ማንም አልወቀሳቸውም። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠራን ቀነሰ፤ ስንጠራም ሰበብ መፈለግ ጀመርን። ባለቤቴ ልጁ ሲበላ ከክፍሉ መውጣት የጀመረችውም ያኔ ነው።

"ሳል ሲጀምረው ልቤ ይቆማል" አለችኝ። "አልችልም። በቃ፣ አልችልም።"

አልተጣላንም። ማታ ስትገባ ልጁን አቀብላትና ስንቴ ትን እንዳለው እነግራታለሁ። እሷ "ትኩሳትስ?" ትላለች። ተረኛ ነርሶች መሰልን።

በኋላ ሐኪሙ ኦሎምፒያ አካባቢ ሕፃናትን መብላትና መዋጥ ወደሚያለማምድ አንድ ማዕከል ላከን። ተራ መጠበቂያው እናቶች ብቻ ነበሩበት። ስገባ ወሬው ቀዝቀዝ አለ።

"እናቱ የለችም እንዴ?" አለችኝ አንዷ፣ በሐዘኔታ።

"አለች። ሥራ ላይ ናት።"

"አይዞህ" አለችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። የሚያወሩት ልጆቻቸው ስለሚተፉት ምግብና ድንች እንዴት ተደርጎ እንደሚፈጭ ነበር። እኔም የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ግን ሳልናገር ተራዬ ደረሰ።

ባለሙያዋ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ወጣት ናት። ልጁን አልነካችውም። "እንደ ቤትዎ ያብሉት፤ እኔ እዚህ እንደሌለሁ ይቁጠሩት" አለችኝና ጥግ ተቀመጠች። ከጥቂት ማንኪያ በኋላ አስቆመችኝ።

"እሱ እኮ ማንኪያውን አያይም። ማለቴ፣ የሚያየው የእርስዎን ፊት ነው። ትን ሳይለው በፊት እርስዎ ይደነግጣሉ።"

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

"እርስዎስ መቼ ነው የሚበሉት?"

"እሱ ሲተኛ።"

"የት?"

"ኪችን። ቆሜ።"

"ስለዚህ ሰው ሲበላ አያይም ማለት ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰው እንኖራለን፤ ሦስታችንም የምንበላው ለየብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን አስቤው አላውቅም።

ባለሙያዋ ልጁ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥና እግሩ እንዳይንጠለጠል ማድረግን አስተማረችኝ። ውሃው ሳይቀር ወደ አየር ቧንቧው እንዳይፈስ ማወፈሪያ ዱቄት ተጨምሮበት ወፈር ይላል፤ ማንኪያው ትንሽ ይሆናል፤ የጎረሰውን ውጦ ሳይጨርስ ሌላ አይጨመርም። ምግቡን በእጁ ቢያቦካውም አልቆጣም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ከፊቱ ተቀምጦ መብላቱ ነው። ቀትር ላይ ሽሮዬን ይዤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ከታች የሚኒባስ ረዳቶች "ስታዲየም! ስታዲየም!" ሲሉ ይሰማል። እኔ አኝካለሁ፣ እሱ አገጬን ያያል። አንዳንድ ቀን ባለቤቴ እስክትገባ ድረስ ከአፌ የወጣው ቃል "ይኸው፣ በላሁ" የሚለው ብቻ ይሆናል።

ሳምንታት እንዲሁ ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ማንም ሳይለምነው ወደ ፊት ዘንበል አለና መዳፉ ላይ የተጣበቀውን ድንች ላሰ። ዋጠ። አላሳለም። አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ሳህን ተንጠራራ።

ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ስለነበረች አላነሳችም። ሌላ የምደውልለት ሰው አልመጣልኝም። ልጁን ታቅፌ በሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ሊፍት ትጠብቃለች።

"ልጄ ዋጠ!" አልኳት።

"ምን? ሳንቲም?" አለች፣ ደንግጣ።

"ድንች።"

ግራ ገብቷት ልጁን አየችው። ፈገግ ለማለት ሞከረችና ሊፍቱ ውስጥ ገባች። በሩ ሲዘጋ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እሁድ ላይ ባለቤቴን አብራን እንድትቀመጥ ለመንኳት። ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር መረጠች። መሃል ላይ ልጁ ሲያስል ብድግ ልትል ስትል እጇን ያዝኩት።

"የሚያስለው ጉሮሮውን ለመጥረግ ነው፤ ጥሩ ነው። አንቺ ብይ።"

አሳለ፣ አቆመ፣ ወደ ምግቡ ተመለሰ። እሷ እንባዋ እየወረደ ጎረሰች። ልጁ ሲያያት እያለቀሰች አኘከች።

አሁን ለስላሳ ነገር ሁሉ ይበላል። ውሃውን ዛሬም እናወፍርለታለን፤ ሰው ቤት ስንሄድም ከአጠገቡ አልርቅም። ባለሙያዋ ቀጠሮውን እያራራቀችው መጥታ በመጨረሻ "ከእንግዲህ ስትፈልጉ ብቻ ኑ" አለችን። የዚያን ቀን ማታ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ትን አላለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ የሚነገር ነገር አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጠፍቶን ተያየን።

ቆይታ ስለ ቢሮዋ አዲስ አለቃ መናገር ጀመረች። የምትጠራቸውን ሰዎች አንዳቸውንም አላውቃቸውም።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አልኳት።