የተቆለፈበት ልጣጭ

አልታየች ከወለጋ የተፈናቀለችው በቆሎ የሞላ ጎተራዋ ሲነድ እያየች ነው። ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባች ወዲህ የሚጠቅም ነገር ሲበላሽ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ጎረቤቶቿ ጠባይዋን ስለሚያውቁ የደረቀ እንጀራ እንኳ ፊቷ አይደፉም።

ሥራዋ የአቶ ኪዳነወልድን የሽንኩርት መጋዘን መጥረግ ነበር። ልጣጩ በጆንያ እየተሞላ ወንዝ ዳር ይደፋል። አንድ ጊዜ መጠለያው ውስጥ ሥልጠና ተሰጠና፣ አሠልጣኟ የሽንኩርት ልጣጭ ሲቀቀል ሱፍ የሚያቀልም ነገር እንደሚወጣው አሳየች። ሌሎቹ ሴቶች ጉድ ነው ብለው ተበተኑ። አልታየች ግን በማግስቱ አቶ ኪዳነወልድን፣ "ጋሼ፣ ልጣጩን ልውሰደው?" ብላ ጠየቀች።

"ውሰጂልኝ፤ ገላገልሽኝ" አሏት።

ልጣጩን ቀቅላ፣ ውሃውን አጥልላ፣ የታጠበ ነጭ ሱፍ ትነክርበት ጀመር። ሱፉ ሲወጣ ለአጨዳ የደረሰ ገብስ ይመስላል። ምንጣፍ ሠሪዋ አስካለማርያም ክሩን ተቀብላ በሳሙና አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አዋለችው። ቀለሙ አልለቀቀም።

"የፋብሪካ ቀለም ከእንግዲህ አልገዛም፤ አንቺ አምጪልኝ" አለቻት።

ምንጣፎቹ ባዛር ላይ ወጡ። አቶ ኪዳነወልድ አይተው ወደዷቸው፤ ቀለሙ ከምን እንደመጣም ጠይቀው ተረዱ። በማግስቱ አልታየች ጆንያዋን ይዛ ስትደርስ ልጣጩ የሚጠራቀምበት ክፍል ተቆልፏል።

"ምነው ጋሼ?"

"ንብረት ነው ለካ! ገዢ እስኪመጣ ይቀመጣል።"

"እስከዚያ ጥቂት ጥቂት ብወስድስ?"

"አንድ ልጣጭ እንዳትነኪ።"

ገዢ አልመጣም፤ ክረምቱ መጣ። ጣሪያው ያፈስ ነበርና ልጣጩ ራሰ፣ ሻገተ፣ ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። አልታየች ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ሥር ስትጠርግ ጥርሷን ታፋጫለች። አስካለማርያም ደግሞ "ክሩስ?" እያለች ትልክባታለች። በመጨረሻ ጎረቤት ነጋዴዎች ስለ ሽታው ሲያማርሩ አቶ ኪዳነወልድ በሩን ከፈቱና፣ "ነይ፣ ይህን ጠርገሽ ወንዝ ዳር ድፊው" አሏት።

በሩ ላይ ቆማ አየችው። ያ ሁሉ ልጣጭ ጥቁር ጭቃ ሆኗል።

"ራስህ ጥረገው" አለች።

አቶ ኪዳነወልድ ጆሯቸውን አላመኑም። "ማንን ነው አንተ የምትይው?"

"አንተን ነዋ። ብትሠራበት ወይ ብትሸጠው አይከፋኝም ነበር። ለአንተም ለእኔም እንዳይሆን አድርገህ አበሰበስከው። ጎተራዬን ያቃጠሉት እንኳ ጠላትሽ ነን ብለው ነው። አንተን ምን አድርጌህ ነው?"

መጥረጊያውን እግሩ ሥር ወርውራ ወጣች። እንጀራዋን እንደጣለች ታውቃለች፤ ወደ ኋላ ግን አልዞረችም።

አሁን በየምግብ ቤቱ ጓዳ ትዞራለች። አንዳንዱ ልጣጭ ያቆይላታል፣ ሌላው እንደ ለማኝ ደጅ ያስቆማታል። የመጠለያው ሴቶችም በፌስታል ያጠራቅሙላታል። የሚገኘው ከቀድሞው እጅግ ስለሚያንስ አስካለማርያም ምንጣፉን አጥብባ መሥራት ጀምራለች። የአልታየች ንዴት ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። ሌላ መንገድ ስለሌላት በመጋዘኑ በኩል ታልፋለች። ኪዳነወልድ ደጁ ላይ ቆሞ "እንዴት አደርሽ?" ይላታል። አትመልስለትም።