በረዶ ይዞ ወደ ዳዋ

ሚልኬሳ የክትባት ሠራተኛ ሆኖ ነገሌ ቦረና የተመደበው በ1996 ዓ.ም. ነው። የክብረ መንግሥት ልጅ ነው፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ እናቱ አዋላጅ ነበሩ። በደጋ ጭጋግ ያደገ ሰው ቆላ ውረድ ሲባል የሚፈራው ፀሐይን ነው። እሱም ፀሐይን ፈርቶ ባለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ገዛ። ቆላው ያስተማረው ግን ሌላ ነው። ሰውን የሚጥለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ራሱ ረጥቦ ላብህን አልቀበልም ሲል ነው።

ሥራው በወር አንድ ቀን የክትባት ሳጥኑን በበረዶ ሞልቶ፣ ሞተሩ ኋላ ላይ አስሮ፣ በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ዳዋ ወንዝ ዳር ወዳለችው ኤላ ዲማ መውረድ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ያስነዳል። ነገሌ አካባቢ ነፋሱ ደረቅ ስለሆነ ጆንያው እየደረቀ ሳጥኑን ያቀዘቅዘዋል። ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ግን፣ በተለይ የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ጆንያው እንደረጠበ ይሞቃል። ሸሚዙም እንደዚያው። ሞተሩ ከሥር ጭኑን ይለበልበዋል፤ ከሄልሜቱ ውስጥ ላቡ ቅንድቡን ተሻግሮ ዓይኑ ይገባል፤ ፊቱን የሚመታው ነፋስ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት እንፋሎት ነው። ቢቆም ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ አይቆምም ነበር።

በዚያ አገር መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ሳይቆሙ አይተላለፉም። «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ተብሎ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኩሬው ውኃ ተራ በተራ ይጠየቃል። የተጠየቀው ያየውን ይናገርና ተራው የእሱ ይሆናል። ስልክ በሌለበት አገር ዜና የሚሄደው በሰው እግር ነው፤ ዜናውን ይዞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ወይ ጠላት ነው፣ ወይ ለአፍ የሚከብድ ክፉ ነገር ይዟል። ሚልኬሳ ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ በቋንቋውም በልማዱም የዚያው ወገን ነው። ነገር ግን በረዶ የያዘ ሰው ከልማድ ነፃ ነው ብሎ ለራሱ ፈረደ። እጁን ያነሣል፣ ያልፋል። የተማረ ሰው ስህተት ብዙ ጊዜ ከአለማወቅ አትመጣም። የሚያውቀውን ነገር ለበጎ ምክንያት ብሎ ለጊዜው ወደ ጎን ሲያደርገው ትመጣለች።

በ1999 ግንቦት ላይ ኤላ ዲማ ሲደርስ ክትባት ከሚሰጥበት ዛፍ ሥር እናትም ልጅም አልነበረም። የጤና ኬላው ሠራተኛ ሶሲ ብቻዋን መዝገቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«ሰው የለም እንዴ?» አላት።

«አለ። ቤቱ ነው ያለው።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ወር እርስዎ ሽማግሌውን ጂሎን መንገድ ላይ አልፈዋቸው ሄደዋል አሉ።»

«እጄን አንሥቻለሁ እኮ።»

«እጅማ ዝንብ ለማባረርም ይነሣል ብለዋል፣ እሳቸው።»

ሚልኬሳ ዛሬ ጠዋትም ከግመሎቻቸው ጋር አይቷቸው እንደገና አልፏቸዋል።

«የማይቆም ሰው ሳጥኑ ውስጥ ናጋ የለም አሉ» አለች ሶሲ። «ይህን የሰማች እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች?»

ሳጥኑን ለአፍታ ከፍቶ አየ። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁር ምልክት አለ፤ ከጠቆረ መድኃኒቱ ይጣላል። ነገሌ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ስለነበር የፖሊዮዎቹ ምልክት ከጉዞው በፊትም ጠቆር ብሎ ነበር። በረዶው ደግሞ ከእኩለ ቀን ብዙ አያልፍም። ሳጥኑን ክዳኑን እንዳትነካ አስጠንቅቆ ለሶሲ ሰጣትና ሞተሩን ወደመጣበት አዞረ።

ጂሎን ያገኛቸው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ነው። ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌው ከግመሎቹ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ሞተርህ ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን አቆመው?»

«እርስዎን ብዬ ነው፣ አባቴ። ናጋ?»

«ናጋ» አሉ ጂሎ፤ ጥላ ሥር ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ክብረ መንግሥት ዘነበ ወይ? እናትህ ደኅና ናት? ከብትህስ?

«ከብት የለኝም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለመንግሥት ሠርተህ አንድ ጊደር የለህም?»

«የለኝም።»

«የምትቸኩለው ለዚህ ነው» አሉ። «አሁን ሳጥኑን ንገረኝ።»

«የልጆች መድኃኒት ነው። በረዶው ከቀለጠ ይሞታል።»

«ይህን ባለፈው ወር ለመናገር ስንት ቀን ይፈጅብህ ነበር?»

ሚልኬሳ ይህንኑ ለመንደሩ እንዲነግሩለት ለመናቸው።

ሽማግሌው ግመሎቹን ለልጃቸው ትተው ከኋላው ተፈናጠጡ፤ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ በበትሩ ትከሻውን መቱት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ነበሩ።

«ቁም።»

«አባቴ፣ በረዶው…»

«ለእኔ ነግረኸኛል። እነሱ አልሰሙም።»

ቆመ። ሰላምታው ሁሉ ከተጠያየቀ በኋላ ስለ በረዶው ነገራቸው። ከሴቶቹ አንዷ እንጨቷን አውርዳ ወደ መንደር አቋርጣ ሄደች። እንዲህ እያሉ አራት ጊዜ ቆሙ። በቆሙ ቁጥር ሙቀቱ እንደ ርጥብ ብርድ ልብስ ይጫነዋል፤ ላቡ ከክርኑ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን የሚያስበው ሶሲ ጋ የተወውን ሳጥን ነበር። አሥር ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ሲደርሱ ዛፉ ሥር አርባ አንድ ልጆች ነበሩ። የኩፍኙ ክትባት ለሁሉም በቃ። ከፖሊዮው ብልቃጦች አንዱ ጠቁሮ ስለነበር ተጣለ፤ መጨረሻ ላይ የተሰለፉት ዘጠኝ ልጆች ጠብታውን ሳያገኙ ቀሩ።

«ለእሷ ኖሮ ለእኔ እንዴት አለቀ?» አለች አንዲት እናት።

«ተበላሸ።»

«በምን?»

«በሙቀት።»

ጂሎ አጠገቡ ነበሩ። «እኛ መንገድ ላይ ስንቆም ነው?» አሉት ቀስ ብለው።

«ይሆናል» አለ ሚልኬሳ። «ባንቆም ግን አርባ አንዱም አይመጡም ነበር።»

ሽማግሌው ነገሩን አልተከራከሩም፤ አልተደሰቱበትምም። በረዶ ከሰው ሁሉ የሚቸኩል ነገር መሆኑን ያን ቀን የተረዱ ይመስላሉ፤ ሚልኬሳም ሰው በበረዶ ሰዓት እንደማይመራ ተረዳ። ሁለቱ እውነቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ሰው በሁለቱ መካከል መንዳት አለበት።

ከዚያ ወር ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ይነሣ፣ የበረዶውን ቁጥርም እጥፍ ያደርግ ጀመር። የሦስት ሰዓት ተኩሉ መንገድ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከዘጠኙ ልጆች ስምንቱ ሰኔ ላይ ጠብታቸውን አገኙ። ዘጠነኛው ከቤተሰቡ ጋር ግጦሽ ተከትሎ ሄዷል ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ መንደሩ አላወቀም። ሚልኬሳ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ከከብቱና ከዝናቡ ቀጥሎ ስለዚያ ልጅ ይጠይቅ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ የግመል ነጂ ቤተሰቡ ያለበትን ነገረው፤ ሞተሩን ወደዚያው አዞረ።